ከጣውላው ጀርባ ምን አለ? አሮጌ የእንጨት ልባስን በጂፕሰም ቦርድ መሸፈን

«ጂፕሰም አሠራበት።» ግድግዳው በአሮጌ ጣውላ፣ በኮምፔንሳቶ ወይም በቺፑድ የተለበሰ ቤት ያለው ሰው፣ ልባሱ ጠቁሮ ወይም ተሰነጣጥቆ ሲያስቸግረው ከጎረቤትም ከአናጢም መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ምክሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ለስላሳና ቀለም የሚቀበል ግድግዳ በጥቂት ቀን ይገኛል፤ ጨለማ የነበረው ክፍል ይበራል። ችግሩ ጂፕሰም ቦርድ ግድግዳውን ከመሸፈን አልፎ የማያክመው መሆኑ ነው። ከኋላው እርጥበት ካለ እርጥበቱ ሥራውን ይቀጥላል። ምስጥ ካለ ምስጡ ይበላል። የተላጠ የመብራት ገመድ ካለም እዚያው ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚያየው ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ስለ ቦርዱ ከመነጋገራችን በፊት ስለ ቤቱ እንነጋገር። ዋሂል ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች አንዷ ናት። እዚያ አንድ ሱቅ አለ እንበል። የውጭ ግድግዳው እንደ አብዛኛው የአገራችን የገጠር ቤት በእንጨትና በጭቃ የቆመ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ከሱቁ ጀርባ ያለው መኖሪያ ክፍል ደግሞ ከውስጥ በጣውላ የተለበሰ ነው። ባለቤቶቹ ጣውላውን ጂፕሰም ሊያለብሱት ይፈልጋሉ። አየሩ ሞቃት ነው፤ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ ሆኖ ይከርማል፤ በበልግና በክረምት ግን ዝናቡ በድንገት ይወርዳል። ይህ ሁሉ በሥራው ላይ ይወስናል። ለአዲስ አበባ ቢሮ ክፍልፋይ የሚሠራው አሠራር እንዳለ ተገልብጦ እዚህ አይሠራም።

ጂፕሰም ራሱ ምንድን ነው? ከመሬት የሚቆፈር ለስላሳ ድንጋይ ነው፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ሲኬድ በዓባይ በረሃ ገደል ውስጥ ተነባብሮ ይታያል። ለድሬዳዋ ሰውም ባዕድ አይደለም። ከተማዋ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረ የሲሚንቶ ፋብሪካ አላት፤ የትኛውም የተለመደ ሲሚንቶ ደግሞ ሲፈጭ ትንሽ ጂፕሰም ይገባበታል። ያ ባይሆን ሲሚንቶው ገና በግንበኛው እጅ ላይ እያለ ይጠነክር ነበር።

የጂፕሰም ድንጋይ የሚገርመው ነገር በውስጡ ውሃ መያዙ ነው። ከክብደቱ 21 በመቶ ገደማ የሚሆነው በድንጋዩ አካል ውስጥ የታሰረ ውሃ ነው፤ ቢነኩት ግን ደረቅ ነው። ወደ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሞቅ ከዚህ ውሃ ሦስት አራተኛው ይተናል፤ የሚቀረው ነጭ ዱቄት ጄሶ ይባላል። ዱቄቱ ውሃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይጠጣል፣ ይሞቃል፣ በደቂቃዎች ውስጥም እንደገና ድንጋይ ይሆናል። እግሩ ተሰብሮ ጄሶ የገባለት ሰው ያንን ሙቀት በቆዳው ያውቀዋል፤ ነገሩ አንድ ነው።

ቦርዱ ይኸው ጄሶ በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል ፈስሶ የደረቀ ነው። አሜሪካዊው አውጉስቲን ሳኬት እ.ኤ.አ. በ1894 ጄሶና ወረቀት እያነባበረ የፈጠራ መብት ያገኘበት ሰሌዳ የዛሬው ቦርድ አባት ነው። ከዚያ በፊት ግድግዳን ማለስለስ ማለት ልስን መለሰን፣ እስኪደርቅም ሳምንታት መጠበቅ ነበር። ወረቀቱ ለጌጥ የተለጠፈ አይምሰልዎት። ጄሶ ብቻውን እንደ ጠመኔ ይሰበራል፤ ሲታጠፍ የሚመጣውን ጉተታ የሚሸከመው ወረቀቱ ነው። ብሎን ሲመታ ወረቀቱን ከቀደደ ቦርዱ በዚያ ቦታ አልተያዘም ማለት ነው።

የታሰረው ውሃ በእሳት ጊዜ ዋጋው ይታያል። 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነና 12 ሚሊ ሜትር ተኩል የሚወፍር ቦርድ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 5 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው። እሳት ሲመታው ውሃው ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ሙቀቱን ይበላል፤ ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ የቦርዱ ጀርባ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ደረቅ አሮጌ ጣውላ በአንጻሩ ራሱ ማገዶ ነው። ከሰልና እንጨት በሚነድበት ቤት ውስጥ ጣውላን በጂፕሰም ለመሸፈን እኔ የማውቀው ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፤ ውበቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጂፕሰም እሳትን ቢችልም ውሃን አይችልም። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 2 ግራም ተኩል ያህል ይሟሟል፤ ወረቀቱም ውሃ ሲጠጣ ይላቀቃል፣ ይሻግታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ የድሬዳዋ ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈበትን ቀን ነዋሪው አይረሳውም። ከደጋው የወረደ ዝናብ ከተማው ውስጥ ሳይዘንብ እንኳ ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ በሚችልበት አካባቢ፣ ግድግዳን ከወለል እስከ ጣራ በወረቀትና በጄሶ ከማልበስ በፊት ውሃ በየት በኩል ሊገባ እንደሚችል መጠየቅ የግድ ነው። ቤቱ የጎርፍ መውረጃ ላይ ከሆነ ቦርዱን ይተዉት።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ ማየት ነው፤ ለዚህም ካቻቢቴና ፋኖስ ይበቃል። ጣውላውን ከታች እስከ ላይ በጣት አንጓ እየመቱ ይሂዱ። ጠንካራው ጣውላ የጠበቀ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተበላው ደግሞ ባዶ ሣጥን የመታ ያህል ያስተጋባል። ከዚያ በካቻቢቴው ጫፍ የጣውላውን እግር፣ ወለሉን የሚነካበትን ቦታ፣ ጫን ይበሉት። ከገባ በስብሷል ወይም ተበልቷል። ምስጥ ከመሬት ተነስቶ፣ ብርሃንና ደረቅ አየር እንዳያገኘው በአፈር ሽፋን መንገድ እየሠራ ነው ወደ እንጨት የሚወጣው፤ እንደ እርሳስ የቀጠነ የአፈር መስመር በግድግዳው ማዕዘን ካዩ የት እንደሚሄድ ይከተሉት። ብዙ ሰው ጂፕሰም ድንጋይ ነውና ምስጥ አይነካውም ይላል። ጄሶውን አይፈልገውም፤ ወረቀቱን ግን ይበላል፣ ምክንያቱም ወረቀት እንጨት ነው።

ለምስጥ ሲባል በብዙ ቦታ የቋሚ እንጨት እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ከቤት ውጭ መሬት ለሚገባው ቋሚ የቆየ ልማድ ነው። ጂፕሰም በሚለብስ የውስጥ ግድግዳ ላይ ግን አይቀቡት፤ ዘይቱ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ቀለም የማይሸፍነው ቡናማ ዕድፍ ያወጣል፣ ለእሳትም ይመቻል። እዚያ የተበላውን እንጨት ቆርጦ ማውጣት፣ የምስጡን መንገድ ማፍረስ፣ መግቢያውንም ከሥሩ መድኃኒት በሚያውቅ ሰው ማስደፈን ነው የሚሻለው።

እርጥበቱን ለማወቅ ዐይን አይበቃም። ከጣውላው አንዱን ነቅለው፣ ከኋላ ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ የእጅ መሐረብ የሚያህል ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቀው አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይተዉት። ላስቲኩ ከግድግዳው በኩል ካላበ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ እየመጣ ነው። ይህ ሙከራ በደረቅ ወር ቢደረግ የሚያታልል ነው፤ ከዝናብ በኋላ ይደረግ። ካላበ ደግሞ ቦርድ ከመግዛት በፊት የጣራውን ክፈፍ ማስረዘም፣ የቤቱን ዙሪያ ውሃ ከመሠረቱ እንዲርቅ ማድረግ፣ የተላቀቀውን ምርጊት መጠገን ይቀድማል። ይህ ሥራ ለጎብኚ አይታይም፤ ቤቱን የሚያቆመው ግን እሱ ነው።

ሦስተኛው የመብራት ገመድ ነው። ቆጣሪው ላይ ያለው ማጥፊያ ወርዶ፣ በመፈተሻም መጥፋቱ ተረጋግጦ፣ በጣውላ ላይ የተለጠፈው ገመድ ሁሉ ይታይ። በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ የገመድ መጋጠሚያ ከቦርድ ጀርባ ፈጽሞ አይቀበር፤ መጋጠሚያ ሁሉ ክዳኑ በሚከፈት ስካቶላ ውስጥ ይግባ፣ ክዳኑም ከአዲሱ ግድግዳ ፊት ይታይ። ቦርድ ሲጨመር የሶኬቱ ስካቶላ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በመካከል የሚቀረው ክፍተት ብልጭታ ሲነሳ ጣውላውን በቀጥታ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ስካቶላው እስከ አዲሱ ፊት ድረስ ይውጣ። ይህን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይተዉት።

ምርመራው ሲያልቅ ጥያቄው ይመጣል፦ ጣውላው ይነቀል ወይስ ላዩ ላይ ይመታ? ጣውላው ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ቀጥ ያለና ከቋሚዎቹ ጋር በደንብ የተያዘ ከሆነ ላዩ ላይ መምታት ይሻላል። አቧራ የለም፣ ድካም ይቀንሳል፣ ከሁሉም በላይ ከቦርዱ ጀርባ በየትኛውም ቦታ እንጨት ይኖራል። ጂፕሰም ብቻውን ከባድ ነገር አይሸከምም፤ ጀርባው ጣውላ ከሆነ ግን የሱቁን መደርደሪያ የፈለጉት ቦታ ላይ መስቀል ይቻላል። ቺፑድና ቀጭን ኮምፔንሳቶ ግን ብሎን አይዙም፤ እነሱን አልፎ ቋሚውን የሚያገኝ ረጅም ብሎን ያስፈልጋል።

ጣውላው ሲመታ ከላላ፣ ከተጣመመ ወይም ከተበላ ይነቀል። ሲነቀል አይሰበር። የቆየ ቤት ጣውላ አንዳንዴ ዝግባ ወይም ጥድ ይሆናል፤ እነዚህ ዛፎች ዛሬ ጥበቃ የሚደረግላቸው፣ ደናቸውም የተመናመነ ነው። ከሥሩ ሚስማሩን እየለቀቁ ያወጡት ጣውላ ላዩን ሲላግ ለበር፣ ለመደርደሪያ፣ ለአልጋ ይሆናል። ማገዶ ሲደረግ ማየት ያሳዝናል። አሮጌ ቀለም ካለበት ግን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፤ የድሮ ቀለሞች እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል፣ አቧራው በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ በሚሊዮን 90 እጅ ብቻ ያደረገችው በዚህ ምክንያት ነው። እያረጠቡ ይሥሩ፤ ልጆቹ በዚያ ቀን ከክፍሉ ይራቁ።

ጣውላው ተነቅሎ ባዶ የጭቃ ግድግዳ ቢቀር ቦርዱን በኮላ ወይም በጄሶ ጭቃው ላይ እንዳይለጥፉት። ጭቃ እርጥበት እየተቀበለና እየለቀቀ የሚኖር ነገር ነው፤ ፊቱም ይረግፋል፣ የተለጠፈበትን ይዞ ይወድቃል። ሞራሌ በቱምቢ ቀጥ ብሎ ከቋሚዎቹ ጋር ይታሰር፣ በየ40 ወይም 60 ሴንቲ ሜትሩ አንድ፤ ቦርዱ በሞራሌው ላይ ይመታ። በጭቃውና በቦርዱ መካከል የሚቀረው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ከላይና ከታች ትንሽ አየር ማስገቢያ ይኑረው። ላስቲክ አያስገቡበት። እርጥበቱን ያግዳል ተብሎ የሚገባ ላስቲክ ጭቃው ላብ እንዳይተነፍስ አድርጎ ግድግዳውን ከውስጥ ያበሰብሰዋል።

በእኔ አመለካከት ለእንዲህ ዓይነቱ የውጭ ግድግዳ ከጂፕሰም ይልቅ በጭድ በደንብ የተቦካ ምርጊት፣ በላዩም ኖራ ይበልጣል። ርካሽ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ሲሰነጠቅ ራስዎ ይጠግኑታል። ጂፕሰሙን ለመካከለኛ ክፍልፋይና ውሃ ለማይደርስበት ክፍል ያስቀሩት።

ቦርዱ ከድሬዳዋ ከተማ ነው የሚመጣው፤ 2.4 ሜትር የሆነ ነገር ባጃጅ ውስጥ አይገባም። አይሱዙ ላይ ሲጫን ወለሉን ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ይነካ፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ ካለ ጉድጓድ ባለበት መንገድ ከመካከሉ ይሰነጠቃል። በእጅ ሲሸከሙት ግን በጠርዙ ቆሞ፣ በሁለት ሰው። ቤት ሲደርስ ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ ተኝቶ ጥቂት ቀን የክፍሉን አየር ይልመድ።

መምታቱ ራሱ ቀላል ነው። ቦርዱ ከወለሉ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ክፍተቱን የግርጌ ጣውላ ይሸፍነዋል፣ ወለል ሲታጠብ ውሃው ወረቀቱን አያገኘውም። ብሎኑ በየ25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትሩ ይግባ፣ ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ጭንቅላቱ ወረቀቱን ሳይቀድ ትንሽ ጎድጎድ እስኪያደርገው። ለ12 ሚሊ ሜትር ቦርድ 35 ሚሊ ሜትር የሆነ ብሎን ወፍራም ጣውላ ወይም ሞራሌ ላይ ይበቃል። የሁለት ቦርዶች መጋጠሚያ ግን የጣውላዎቹ መጋጠሚያ ላይ አይረፍ። እንጨት በዝናብ ወር በወርዱ ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል፤ ጂፕሰም አይንቀሳቀስም ለማለት ይቻላል። ሁለቱ መጋጠሚያዎች አንድ መስመር ላይ ከዋሉ በዓመቱ ቀለሙ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል። ብዙ ሰው «ጄሶው ጥሩ አልነበረም» የሚለው ስንጥቅ አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

መጋጠሚያው በወረቀት ወይም በመረብ ቴፕ ተለብሶ በሦስት ዙር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ዙር ከፊተኛው ሰፋ ብሎ፣ የፊተኛውም ደርቆ። በድሬዳዋ ሙቀት የጄሶ ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ጄሶ የሚጠነክረው ውሃውን ጠጥቶ ነው እንጂ በመድረቅ አይደለም፤ በነፋስና በፀሐይ ውሃው ቀድሞ ከተነነ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መስኮቱ ይዘጋ፣ ቬንትሌተሩ ይጥፋ፣ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሠራ። ባልዲው ከቀድሞው ጄሶ ሙሉ በሙሉ ይታጠብ፤ የቀረችው ፍርፋሪ ለአዲሱ ዘር ትሆናለች፣ ገና ሳይለጠፍ ያጠነክረዋል። መጠንከር የጀመረውን በውሃ አቅጥኖ መልሶ መጠቀም ደግሞ ልማድ ቢሆንም ስህተት ነው፤ የተሰበረው መያዣ አይመለስም፣ ቦታው በጣት ይፋቃል። ሊሠሩት የሚችሉትን ያህል ብቻ ያቡኩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በሞቃት አገር ጂፕሰም ክፍሉን ያቀዘቅዛል ተብሎ ብዙ ገንዘብ ይወጣል። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ የማይሞላ ጄሶ ሙቀትን ብዙም አያግድም፤ ጭቃው ራሱ በውፍረቱ ይበልጠዋል። ዋሂል ላይ ቀን ቤቱን የሚያነደው ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከግድግዳው በፊት ኮርኒሱን ያሠሩ፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየርም በሁለቱ የጣራ ጫፎች መውጫ ይኑረው።

የመጨረሻው ቦርድ ሊመታ ሲል ደግሞ ሥራውን ለደቂቃ ያስቁሙና ግድግዳውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ቋሚዎቹ፣ ገመዱ፣ ስካቶላዎቹ፣ የምስጡም አሮጌ መንገድ እንዲታይ፣ ሜትርም ተዘርግቶ አብሮ ይነሳ። ፎቶውን ለቤተሰቡ ሁሉ ይላኩ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ መደርደሪያ ሊሰቅል መብሻ ይዞ የሚመጣው ልጅዎ ገመዱን እንዳይበሳው።